ወንድሜ ዓመቱን ሙሉ ወንበር ላይ ነው! ይመለስ ወይስ ይቆይ?

እኛ ደብረ ማርቆሶች ከጭጋጉና ከብርዱ ጋር እየታገልን አለን። ባለፈው ሰሞን አንድ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ቁጭ ብለን ስንጨዋወት አንደኛው ከስልኩ ቀና አለና «የዘንድሮው ድራፍት ምንም አይረባም!» ብሎ ጮኸ። አጠገባችን የቆመው አስተናጋጅ ክው ብሎ «ኧረ ጋሼ፣ አሁን የተከፈተ በርሜል ነው!» አለ። ሳቃችን ቤቱን ሞላው። ጓደኛችን የሚያወራው ስለ ቢራ አልነበረም። የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ኤንቢኤ፣ በየዓመቱ ስለሚያካሂደው የጀማሪ ተጫዋቾች ምርጫ ነበር።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ስቀን እናልፈው ነበር። የዚያን ዕለት ግን ኪሴ ውስጥ አንድ ደብዳቤ ነበረ። ጓደኛዬ «አይረባም» ብሎ በአንድ ቃል የዘጋውን ጉዳይ ደብዳቤው በጭንቀት ይጠይቃል። ጀማሪ ልጅ ይረባል አይረባም የሚባለው መቼ ነው? በምንስ ይለካል? የጻፈችልኝ የዚሁ የማርቆስ ልጅ ናት። የእሷንም የወንድሟንም ስም አልጠራም፤ የክለቡም ስም ይቅር። አሳጥሬ እነሆ፦

«ውድ የዚህ ዓምድ ጸሐፊ፣ ታናሽ ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ98 ነው። እዚሁ ሰፈራችን መረብ በሌለው ቅርጫት ሲጫወት አደገ። ዓምና አንድ ሰው አይቶት አዲስ አበባ ላለ ክለብ ተመረጠ። ሲሄድ ሰፈሩ በሙሉ ነው የሸኘው። እናቴ ድፎ ደፋች፣ በሶ አዘጋጀች። አባቴ ከብት ነጋዴ ነው፤ አንድ ወይፈን ሸጦ ጫማና ቱታ ገዛለት። ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው። በውድድር ላይ አምስት ደቂቃ እንኳ ተሰልፎ አያውቅም። ሰው መንገድ ላይ ያገኘኝና ‹ያ ረጅሙ ልጃችሁስ? አሁንም ፎጣ ያቀብላል?› ይለኛል። አባቴ ደግሞ ‹የዓመት መኖ በልቶ ያላረሰ በሬ ይሸጣል፤ ና ግባ በይው› ብሎኛል። ስልክ የምደውልለት እኔ ነኝ። ምን ልበለው? ይመለስ ወይስ ይቆይ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኔ አሰልጣኝ አይደለሁም። 12ኛን ጨርሼ በመጻፍ የምፍጨረጨር ሰው ነኝ። ነገር ግን ይህን ድራፍት የሚሉትን ነገር ለዓመታት ተከታትዬዋለሁ። ደግሞም ጀማሪን በመፍረድ በኩል የራሴ ኃጢአት አለብኝ። እሱን መጨረሻ ላይ እናዘዛለሁ።

ዕጣው ለተሸናፊ ነው

ለማያውቁ አንባብያን ነገሩን ላስረዳ። በኤንቢኤ 30 ቡድኖች አሉ። በየዓመቱ በሰኔ ወር ከኮሌጅና ከውጭ አገር የሚመጡ ወጣቶችን በሁለት ዙር ተራ በተራ ይመርጣሉ። እንደ ዕቁብ ዕጣም አለበት። ልዩነቱ፣ በእኛ ዕቁብ ሁሉም እኩል ዕድል ሲኖረው እዚያ ግን ዓመቱን ሙሉ ሲሸነፍ ለከረመው ቡድን የበለጠ ዕድል ይሰጠዋል። ከ2019 ወዲህ በነበረው ደንብ ከሁሉም የባሱት ሦስት ቡድኖች አንደኛ የመምረጥ ዕድላቸው ለእያንዳንዳቸው 14 በመቶ ነበር። ዓላማው የወደቀው እንዲነሳ ነው።

እናላችሁ፣ ልጁ ተመርጦ ስሙ ሲጠራ ኮፍያ ይደረግለታል፣ እናት ታለቅሳለች፣ ፎቶ ይነሳል። በማግስቱ ፍርድ ይጀመራል። ጋዜጠኛው ለቡድኖቹ እንደ ተማሪ ማርክ ይሰጣል። ልጁ ገና አንድ ኳስ ሳያነጥር «ጥሩ ምርጫ»፣ «የባከነ ምርጫ» ይባላል። ልክ እንደ እኛ ሰፈር ማለት ነው። የአንቺም ወንድም ድፎ የተደፋለት ዕለት ማርክ ተሰጥቶታል፤ ያውም መቶ ከመቶ። አሁን ደግሞ ያው ሰው መልሶ ዜሮ ሰጠው። ሁለቱንም ጊዜ ልጁ ሲጫወት ያየው የለም።

አንደኛ የተጠራና አንደኛ የወጣ

እስቲ የእነዚያን ማርክ ሰጪዎች ታሪክ እንየው። እ.ኤ.አ. በ1984 ሂውስተን አንደኛ ሆኖ ናይጄሪያዊውን ሃኪም ኦላጁዎንን መረጠ። ጥሩ መረጠ። ሁለተኛው ተራ የፖርትላንድ ነበር። ፖርትላንድ ረጅም የመሀል ተጫዋች ይፈልግ ነበርና ሳም ቦዊ የሚባለውን ወሰደ። ሦስተኛው ቺካጎ የተረፈውን አነሳ። የተረፈው ማን ነበር? ማይክል ጆርዳን! ስድስት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው ጆርዳን።

ሰው እስከ ዛሬ በፖርትላንድ ይስቃል። እኔ ግን አልስቅም። ፖርትላንድ በጆርዳን ቦታ ከዓመት በፊት የመረጠው ክላይድ ድሬክስለር ነበረው፤ የጎደለው የመሀል ሰው ነበር። ስህተቱ ሌላ ቦታ ነው። ቦዊ ኮሌጅ እያለ በእግር አጥንት ጉዳት ሁለት ሙሉ የውድድር ዓመት አልተጫወተም ነበር። በኤንቢኤም ያው እግሩ አሠቃየው። ስለዚህ ትምህርቱ «የሚያስፈልግህን አትምረጥ» አይደለም፤ «የልጁን ጤና ቀድመህ እይ» ነው። ይህችን ነገር ያዢልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ወደ 2013 እንምጣ። ክሊቭላንድ አንደኛ አድርጎ አንቶኒ ቤኔት የሚባል ካናዳዊ መረጠ። በመጀመሪያ ዓመቱ በአማካይ 4.2 ነጥብ ብቻ አስቆጠረ። በአራት ዓመት አራት ቡድን ዞሮ ከሊጉ ወጣ። በዚያው ዓመት፣ በዚያው አዳራሽ፣ 15ኛ ሆኖ የተጠራ አንድ ቀጭን ልጅ ነበረ። ወላጆቹ ከናይጄሪያ ወደ ግሪክ የተሰደዱ ናቸው። አቴንስ ጎዳና ላይ ከወንድሞቹ ጋር ሰዓትና የፀሐይ መነጽር እያዞረ ይሸጥ ነበር፤ በእኛ ቋንቋ ሱቅ በደረቴ። የመጀመሪያ ዓመት አማካይ ነጥቡ 6.8 ነበር። በዚያ ዓመት «ይረባል?» ብትሉ ብዙ ሰው ትከሻውን ነቅንቆ ያልፋችሁ ነበር። ያ ልጅ ያኒስ አንቴቶኩምፖ ነው። በ2019 እና በ2020 የሊጉ ኮከብ ተባለ። በ2021 ሚልዋኪን ሻምፒዮን ሲያደርግ በመጨረሻው ጨዋታ ብቻውን 50 ነጥብ አስቆጠረ።

ሌላም ልጨምር። በ2014 ኒኮላ ዮኪች የሚባለው ሰርቢያዊ 41ኛ ሆኖ ሲመረጥ ቴሌቪዥኑ የምግብ ማስታወቂያ እያሳየ ነበር፤ ስሙ ከታች በጽሑፍ ብቻ አለፈ። ልጁም አገሩ ሆኖ እንቅልፉን ይለጥጥ ነበር። ዴንቨር መርጦት ሲያበቃ «ና ቶሎ ተጫወት» አላለውም። አንድ ዓመት እዚያው ሰርቢያ እንዲበስል ተወው። ዛሬ ሦስት ጊዜ የሊጉ ኮከብ፣ በ2023 ደግሞ ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው።

ልብ በሉ፣ «ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ያኒስ ይሆናል» እያልኩ አይደለም። ቤኔትም አለ። የምለው፣ የመጀመሪያው ዓመት ነጥብ ሁለቱን አይለይላችሁም ነው። 4.2 እና 6.8! በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል የሊግ ኮከብና ከሊግ የተባረረ ሰው ተደብቀው ነበር። እንግዲህ የሚለየው ሌላ ነገር ነው ማለት ነው።

የጎረቤታችን ልጅ

ያ ሌላ ነገር ምን እንደሆነ ለማየት ወንድምሽን የሚያክል አንድ ልጅ ልውሰድ። ካማን ማሉዋች ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2006 ደቡብ ሱዳን ሩምቤክ ውስጥ ተወለደ። በሕፃንነቱ ከቤተሰቡ ጋር ተሰድዶ ኡጋንዳ፣ ካምፓላ አደገ። ቅርጫት ኳስ የጀመረው 13 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። በእግሩ ልክ ጫማ አልተገኘለትምና መጀመሪያ ሜዳ የሄደው ክሮክስ በሚባለው የፕላስቲክ ጫማ ነበር። ከዚያ ሴኔጋል ወዳለው የኤንቢኤ የአፍሪካ ማሠልጠኛ ገባ። በ16 ዓመቱ በዓለም ዋንጫ፣ በ17 ዓመቱ በፓሪስ ኦሊምፒክ ለአገሩ ተሰለፈ። ዱክ በሚባለው ታዋቂ ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓመት ተጫውቶ በሰኔ 2025 ድራፍት 10ኛ ሆኖ ተጠራ። ስሙን የጠራው ሂውስተን ቢሆንም መብቱ በኬቨን ዱራንት ዝውውር ወደ ፊኒክስ ሰንስ አልፎ ነበር። የዚያን ምሽት ማይክ ሲቀርብለት ልጁ እንባው መጣ። ያየሁት በስልኬ ነው፣ እኔም አልቻልኩም።

አሁን ስሜታችንን ወደ ጎን አድርገን እንመዝነው። ቁመቱ 2 ሜትር ከ18 ነው። ክንዱ የትየለሌ ነው። ቅርጫቱ ሥር ሲቆም ተቃራኒ ቡድን ሐሳቡን ይቀይራል። ወደ ላይ የተጣለለትን ኳስ እላዩ ላይ ይጠቀጥቀዋል። ይሄ ሀብቱ ነው። ጉድለቱስ? በዱክ አማካይ ነጥቡ 8.6 ነበር፤ ስለዚህ «ኳስ ስጡትና ያስቆጥርላችሁ» የሚባል ልጅ አይደለም። በሚያዝያ 2025 የኮሌጆች ግማሽ ፍጻሜ ከሂውስተን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሲጫወቱ ያን ሁሉ ቁመት ይዞ አንድም ሪባውንድ ሳይወስድ ወጣ፤ ዱክም ተሸነፈ። የበሰሉና የጠነከሩ ወጣቶች ገፍተው አስወጡት። ልምድና ጉልበት ገና ይቀረዋል።

ከዚህ የሚበልጠው ግን ይሄ ነው። ፊኒክስ እሱን ባገኘበት በዚያው ምሽት ማርክ ዊልያምስ የሚባል ሌላ የመሀል ተጫዋች ከሻርሎት አመጣ። በኤንቢኤ የተፈተነ፣ ዕድሜው የገፋ ባይሆንም ከእሱ የበሰለ ሰው ነው። ይህ ምን ማለት ነው? ቡድኑ ልጁን ያመጣው ለነገ ነው ማለት ነው። ለዛሬው ሌላ ሰው አለው። በመጀመሪያው ዓመት ካማን ብዙ ደቂቃ ባያገኝ «ወደቀ» የሚል ሰው የቡድኑን ዕቅድ አላነበበም። የእኔን ግምት ከጠየቃችሁኝ፣ መጀመሪያ ቅርጫት የሚጠብቅና ሪባውንድ የሚያወርድ ተቀያሪ ይሆናል፤ ቋሚ ተሰላፊነቱን ከሦስተኛ ዓመቱ ወዲህ ብንጠብቅ ይሻላል። የመጨረሻውን ፍርድ ለመስጠት ግን ገና ነው። ልሳሳትም እችላለሁ፤ ዋናው፣ መለኪያዬ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

አንድ ሥራ ለአንድ ሰው

ብዙ ጊዜ ጀማሪን የምንበድለው ሁሉን እንዲችል በመጠበቅ ነው። ከካማን 40 ዓመት በፊት ከዚያው አገር የሄደ ማኑቴ ቦል የሚባል ሰው ነበረ። ዲንካ ነው። ልጅነቱን በከብት ጥበቃ ነው ያሳለፈው። ቁመቱ 2 ሜትር ከ31! በ1985 ዋሽንግተን በሁለተኛው ዙር 31ኛ አድርጎ መረጠው። በመጀመሪያ ዓመቱ ያስቆጠረው አማካይ ነጥብ አራት እንኳ አይሞላም። «አይረባም» በሉዋ! ግን ያ ሰው በዚያው ዓመት 397 ኳስ አከሸፈ፤ በሊጉ አንደኛ ሆነ፤ ለጀማሪ ተጫዋች እስከ ዛሬ ያልተነካ ቁጥር ነው። አሰልጣኙ «አስቆጥር» አላለውም። «ማንም እንዳያስቆጥር» አለው። ሥራው ያ ነበር፤ ሥራውን ሠራ።

ስለዚህ «ወንድሜ ስንት አስቆጠረ?» ከማለትሽ በፊት «ወንድሜ ምን እንዲሠራ ነው የተወሰደው?» በይ። የተወሰደበትን ሥራ ሳያውቁ ማርክ መስጠት፣ አናጢን «ለምን ልብስ አልሰፋህም» ብሎ እንደመክሰስ ነው።

የድሬዳዋው ልጅ

«ይሄ ሁሉ የፈረንጅና የጎረቤት ወሬ ነው፣ የእኛስ?» የምትሉ አትጠፉም። የእኛም አለ፤ ያውም ሁለት ጊዜ የሚያስተምር። በቅርጫት ኳስ ሳይሆን በእግር ኳስ ነው። ፉአድ ኢብራሂም በ1991 ድሬዳዋ ተወለደ። በልጅነቱ አሜሪካ ገብቶ ሚኔሶታ አደገ። የአሜሪካ የእግር ኳስ ሊግም እንደ ኤንቢኤ ድራፍት ነበረው። በ2007 ኤፍሲ ዳላስ ሲመርጠው ፉአድ 15 ዓመቱ ነበር። አሥራ አምስት! በዚያ ዕድሜ እኛ ማርቆስ ላይ የጨርቅ ኳስ እያሳደድን ነበር።

ከእሱ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ጋና የተወለደው ፍሬዲ አዱ በ14 ዓመቱ አንደኛ ሆኖ ተመርጦ ነበር። «አዲሱ ፔሌ» እያሉ አበዱለት። አዱ ከዚያ በኋላ በብዙ አገር ከአሥር በላይ ክለብ ዞረ እንጂ የተባለውን አልሆነም። ፉአድም ከዳላስ ወደ ቶሮንቶ ተዛወረ፤ በትልቁ ሊግም አልጸናም። ቀጥሎ ከትልቁ ሊግ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ሚኔሶታ መጫወት ጀመረ። በማርክ ሰጪዎቹ መዝገብ «ያልተሳካ ምርጫ» ተብሎ ተዘግቷል።

ነገር ግን መዝገቡን የዘጉት ቸኩለው ነው። በ2013 ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአፍሪካ ዋንጫ ደርሳ አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ቡድናቸውን ይዘው ደቡብ አፍሪካ ሲሄዱ፣ ከእነ ሳላዲን ሰይድና ከእነ አዳነ ግርማ ጋር በስም ዝርዝሩ ውስጥ የነበረው ማን ነው? ፉአድ ኢብራሂም። 21 ዓመቱ ነበር። በዳላስ ያልተገኘው ቦታ በአገሩ ማልያ ተገኘ። ቶሎ መመረጥ ቶሎ መድረስ አይደለም፤ አንድ ቦታ አለመሆንም የትም አለመሆን አይደለም።

ለአባትሽ አንድ ቃል

አሁን ወደ አባትሽ ልምጣ። ጋሼ፣ በአክብሮት ነው። እርስዎ ከብት ያውቃሉ፤ እኔም የገበሬ የልጅ ልጅ ነኝና ትንሽ አያለሁ። ገበያ ወርደው ወይፈን ሲመርጡ ጥርሱን፣ ሻኛውን፣ እግሩን አይተው ነው። ያ ልጅዎን ከሰፈር ሜዳ ላይ የመረጠው ሰው ያደረገውም ይህንኑ ነው። ታዲያ ወይፈኑ ተገዝቶ በማግስቱ ያርሳል እንዴ? ገበሬው ከለመደ በሬ ጋር ያጣምደዋል። የመጀመሪያ ቀን ቀንበር ሲያርፍበት ይዘላል፣ ይተኛል። ገበሬው አይሸጠውም። ጠዋት ጠዋት ትንሽ እያረሰ ይገራዋል። ለማጁ በሬ ይጎትተዋል፣ ወይፈኑም ትልሙን ከእሱ ይማራል።

እርስዎ «የዓመት መኖ በልቶ ያላረሰ በሬ ይሸጣል» ብለዋል። ልክ ነው፣ በሬ ከሆነ። የእርስዎ ልጅ ግን ገና ወይፈን ነው፤ አሁን ከለማጅ ጋር በመጠመድ ላይ ነው። ሜዳ ላይ ባይሰለፍም በየቀኑ ልምምድ ላይ ከትልልቆቹ ጋር ይገፋፋል። ጥያቄው «አረሰ ወይ?» ሳይሆን «እየተገራ ነው ወይ?» ነው። እሱን ደግሞ ማወቅ ይቻላል።

ሦስት ጥያቄና አንድ ቀነ ገደብ

እህቴ፣ እነሆ ምክሬ። ወንድምሽ ወደ አሰልጣኙ ሄዶ በትሕትና ሦስት ነገር ይጠይቅ። ካፈረ አንቺ ደውይ።

አንደኛ፣ «ያመጣችሁኝ ለምን ሥራ ነው?» አሰልጣኙ «ሪባውንድ እንድታወርድልን»፣ «የእገሌን ቦታ እንድትተካ» ብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ከመለሰ መልካም ነው፤ ዕቅድ አለው። «እንግዲህ እናያለን፣ ረጅም ስለሆንክ ነው» ብቻ ካለ ግን ተጠንቀቁ። ቁመቱን ብቻ ያዩ ሰዎች ናቸው።

ሁለተኛ፣ «ከፊቴ ማን አለ?» በእሱ ቦታ ሁለት የበሰሉ ሰዎች ካሉ ወንበር ላይ መቀመጡ ውርደት አይደለም፤ ተራ መጠበቅ ነው። ከፊቱ ማንም ሳይኖር፣ ቦታውም ባዶ ሆኖ ካልተሰለፈ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ሦስተኛና ዋናው፣ «ስመጣ የማልችለው፣ አሁን የምችለው ምንድን ነው?» ይህን አሰልጣኙም ወንድምሽም ለየብቻ ይመልሱ። መልሳቸው ከተገናኘ፣ ለምሳሌ ሁለቱም «በግራ እጁ ማንጠር ቻለ»፣ «አራት ኪሎ ጨመረ» ካሉ፣ ልጁ እየተገራ ነው። አንዳቸውም የሚሉት ካጡ ዓመቱ ባክኗል።

ቀነ ገደብም ይኑረው። ያለ ገደብ መጠበቅ ትዕግሥት ሳይሆን መዘናጋት ነው። ኤንቢኤዎች እንኳ በመጀመሪያው ዙር ለመረጡት ልጅ ዋስትና የሚሰጡት የሁለት ዓመት ደመወዝ ነው፤ ሦስተኛውንና አራተኛውን ዓመት ግን አይተው ነው የሚወስኑት። ሚሊዮን ዶላር የሚከፍሉት ሰዎች ሁለት ዓመት ከታገሱ፣ አንድ ወይፈን የሸጠ አባት ሁለተኛውን ዓመት ቢታገስ አይበዛበትም። ስለዚህ የእኔ ፍርድ፦ እስከ ሁለተኛው የውድድር ዓመት መጨረሻ ይቆይ። ያን ጊዜም ሦስቱ መልሶች ባዶ ከሆኑ በክብር ይመለስ፤ ወይም ሌላ ክለብ ይሞክር። ፉአድን አትርሺ።

እስከዚያው ሁለት ነገር አደራ። ቅድም ያዢልኝ ያልኩሽ የሳም ቦዊ እግር ነው አንዱ። ጉልበቱን ወይም ቁርጭምጭሚቱን ካመመው «ደካማ እንዳይሉኝ» ብሎ አይደብቅ፤ ይመርመር። ሌላው ትምህርት ነው። 12ኛን ካልጨረሰ ማታ ይማር፤ ከጨረሰ አንድ ሙያ ይያዝ። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ጊዜ አለው። ቅርጫት ኳስ እንጀራ ባይሆነው ሌላ እንጀራ እንዳያጣ ነው።

የእኔ ኃጢአት

ልናዘዝ ብዬ የለ? 10ኛ ክፍል ነበርኩ። እዚሁ ማርቆስ። የሰውነት ማጎልመሻ መምህራችን ለክፍሎች ውድድር 12 ልጆች ምረጥ ብሎኝ ነበር፤ አምበል ነኛ! ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር አንድ ልጅ ነበር። በየሳምንቱ ስንቁን ተሸክሞ በእግሩ ነበር የሚመጣው። ከሁላችንም ይረዝማል። በኮንጎ ጫማ መጣና ሞክሩኝ አለ። ኳሱን ሁለቴ ሲያነጥር አምልጦት ሄደ። እኔ ደግሞ ሰው ማሳቅ እወድ ነበር። «ይሄ ለስልክ እንጨት ነው እንጂ ለኳስ አይሆንም» አልኩ። ሜዳው በሙሉ ሳቀ። ልጁም አብሮን ሳቅ ብሎ ደብተሩን አነሳና ሄደ። ከዚያ ወዲያ አልመጣም።

ከሁለት ዓመት በፊት ገበያ ውስጥ አገኘሁት። ጣውላ ይሸጣል። ደኅና ኑሮ አለው፣ አንድ ልጅም ወልዷል። ያወቀኝ እሱ ነው። ሻይ ጋበዘኝ። ያችን ቀን አንስቼ ይቅርታ ልለው ስል ቀደመኝና «ኳሱ አይደለም ያስቀረኝ» አለኝ። «አጎቴ ጫማ ሊገዛልኝ ቃል ገብቶ ነበር። ሰኞ ተመልሼ ልመጣ ነበር። ከዚያ ሳቃችሁ ትዝ አለኝና ተውኩት።»

ያ ልጅ ትልቅ ተጫዋች ይሆን ነበር አልልም፤ ማንም አያውቅም። ማንም እንዳያውቅ ያደረግሁት ግን እኔ ነኝ። ካማን ማሉዋች በፕላስቲክ ጫማ ሜዳ ሲደርስ እንደ እኔ ያለ አምበል ገጥሞት ቢሆን ኖሮ ስሙን ማን ይጠራው ነበር?

እና እህቴ፣ መንገድ ላይ «ፎጣ ያቀብላል?» ለሚልሽ ሰው «አዎ፣ ያቀብላል፤ ተራውን እየጠበቀ ነው» በይውና እለፊ። ማታ ለወንድምሽ ስትደውዪ ደግሞ «ዛሬስ ተሰለፍክ?» ብለሽ አትጀምሪ። ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ ያንኑ ጥያቄ ሲመልስ የከረመ ልጅ ስልክ ማንሳት ይፈራል። «ዛሬ ምን ተማርክ?» በይው። የሚነግርሽ ነገር ካለው ይቆይ።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!